በቡና መጋዘን የተካፈልናቸው ቃላት

የያዙኝ ከመጻፊያ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። መቱ ፍርድ ቤት በር ላይ፣ ከዋንዛው ሥር ያለችውን ጠረጴዛ የማያውቅ ባለጉዳይ በኢሉባቦር የለም። ከቡሬ በአውቶቡስ የመጣውም፣ ከያዮ ጭቃ ሲያቦካ የመጣውም «ሽማግሌው ጸሐፊ የት ነው?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ ጠበቃ የት አለ አይልም። ስድስተኛ ክፍልን አልጨረስኩም። አማርኛ አሳምሮ መጻፉን፣ የኦሮምኛውን ቁቤ፣ እንግሊዝኛውንም ጭምር በራሴ ነው የተማርኩት፤ እንግሊዝኛውን ከሬዲዮና በመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ከሚገኘው ወረቀት። ዳኞች የእኔን ማመልከቻ ሲያገኙ ከወንበራቸው ቀና ብለው እንደሚያነቡ አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነግሮኛል። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው።

የተማሪዎች ተቃውሞ በበረታበት በዚያ ዓመት፣ ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት የተወሰዱባቸው እናቶች ወደ ጠረጴዛዬ መጡ። ልጆቻችን ያሉበት ይነገረን የሚል አንድ ማመልከቻ ጻፍኩላቸው። በሳምንቱ ሁለት ሲቪል የለበሱ ሰዎች መጡ። አንደኛው ማመልከቻውን ከኪሱ አውጥቶ ፊቴ ዘረጋው።

«ይህን የጻፍከው አንተ ነህ?»

«ከእኔ ሌላ እንዲህ የሚጽፍ ሰው ያውቃሉ?» አልኩት።

ተያዩና ሳቁ። ከዚያ በላይ ምርመራ አላስፈለጋቸውም። መነጽሬን እንኳ ወደ ማኅደሩ ሳልመልስ ፒካፕ ላይ ጫኑኝ።

ያስገቡኝ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አሮጌ የቡና መጋዘን ነው። እስር ቤቱ ሞልቷል ተባለ። ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮት የሚባል ነገር የለውም። ብርሃን የሚገባው ግድግዳውና ጣሪያው ሳይገጣጠሙ በቀሩበት ክፍተት ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ የቡና ገለባ ሽታ ነበር፤ ከሥሩ የመጸዳጃው ባልዲ ሽታ ተከተለ። ሰዎቹ በባዶ ጆንያ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። አንዱ ዝም ብሎ ጠጋ አለልኝ። ጆንያው ላይ የታተመ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነበር፤ ጮክ ብዬ አነበብኩትና ተረጎምኩላቸው። የጠየቀኝ አልነበረም። ግን ማን እንደገባ ገና ከመጀመሪያው ማወቃቸው ጥሩ ነው ብዬ አሰብኩ።

ጠጋ ያለልኝ ሰው የያዮ ማር ቆራጭ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ከረጃጅም ዛፎች ላይ ሆኖ ታች ላሉት ሲጮህ ስለኖረ ቀስ ብሎ መናገር የሚባል ነገር አይችልም። «ደህና አደራችሁ» ሲል ጠባቂው ከውጭ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ይመልስለት ነበር። በሌላው በኩል የቡሬ ነጋዴ ተቀምጧል። ሱቅ አለው፤ የጸሎቱ ሰዓት ሲደርስ ጆንያውን አጥፎ እዚያው ይሰግዳል፤ ከዚያ ይዞርና ይቀልድብኛል። «ጋሼ፣ እርስዎ ባይታሰሩ ኖሮ ይህ ቤት ምን ይውጠው ነበር?» ይለኛል። እኔም እውነትህን ነው እለዋለሁ።

መምህሩ የመጣው ከእኔ በኋላ ነው። ከኡካ ነው ያመጡት፤ እዚያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ያስተምራል። ሰልፍ የወጡ ተማሪዎችህን ስም ስጠን ብለውት አልሰጠም። እኛ ዘንድ ሲገባ የጭንቅላቱ አንድ ጎን አብጦ ጆሮው ተሸፍኗል። ለብዙ ቀን ከማንም ጋር አልተነጋገረም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል። የሚጸልይ መስሎን ዝም አልነው። አንድ ቀን ጠጋ ብዬ ሳዳምጥ እንግሊዝኛ ነው።

«ምን ታነባለህ፣ መምህር?» አልኩት።

«እየፈለግኳቸው ነው፣ ጋሼ» አለኝ። «ቃላቱን። እዚህ ነበሩ።» ጣቱን ያበጠው ላይ አሳረፈ። «አሁን ግማሾቹ የሉም።»

ነገሩን ቀስ በቀስ ነገረኝ። በየክረምቱ ዩኒቨርሲቲ እየሄደ ዲግሪውን ሊጨርስ የቀረው አንድ ፈተና ብቻ ነው። ፈተናው ከጥንት ጀምሮ በእንግሊዝ አገር መድረክ ላይ ሲታይ ስለኖረ አንድ የሐዘን ቴአትር ነው፤ ትራጄዲ ይሉታል። ባለፈው ክረምት ቃላቱ ከብደውት ወድቋል። በመጪው ክረምት ካልተፈተነ ስሙ ይሰረዛል፤ ዲግሪውም ሥራውም ይቀራል። ዓመቱን ሙሉ እያጠና ሳለ ያዙት። መጽሐፉን ወሰዱበት፤ ቃላቱ በጭንቅላቱ ውስጥ ነበሩና ጭንቅላቱን መቱት።

«እግሬን በሰበሩት ይሻለኝ ነበር» አለ። «በክራንች ማስተማር ይቻላል። ያለ ቃል ግን ምን ብዬ ክፍል ልግባ?»

የመጋዘኑ አዛዥ በቆጠራ ላይ፣ ሌላ ክስ የሌለባቸው ሰዎች ከክረምቱ በፊት የተሃድሶ ሥልጠና ወስደው ይወጣሉ ብሎ ነግሮን ነበር። የመምህሩ ስም በዚያ ውስጥ አለ። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ በሁለት ጉዳይ ላይ ተንጠለጠለ፤ ሌላ ክስ ሳይለጠፍበት እስከዚያ መቆየት፣ ከዚያም ሲወጣ ቃላቱን ይዞ መውጣት። ሌሎቻችን የምንጠብቀው ነገር አልነበረንም። ምናልባት ለዚህ ይሆናል የእሱን መጠበቅ የራሳችን ያደረግነው።

ዘዴውን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ወረቀትም እርሳስም አይፈቀድም። እኔ ግን ወረቀት መግዛት በማልችልበት በወጣትነቴ ቃል የምይዘው በሰው ነበር። አንዱን ቃል ለጎረቤቴ፣ አንዱን ለጫማ ሰፊው፣ አንዱን ለቄሱ እሰጣለሁ፤ ሰውየውን ሳይ ቃሉ ይመጣል። ስለዚህ ለመምህሩ እንዲህ አልኩት፦ «ያሉህን ቃላት ከመጥፋታቸው በፊት አውጣቸውና ለእኛ አድለን። እያንዳንዱ ሰው አንድ ይያዝ። ጭንቅላትህ ሲከዳህ ፊታችንን ታያለህ።»

እንዲሁ አደረግን። መምህሩ ቃሉን ይነግረናል፣ ትርጉሙን ያስረዳናል፣ ቃሉ የሚስማማውን ሰው እኔ እመርጣለሁ። ክራውን፣ ዘውድ ማለት ነው፤ ራሱ መላጣ ለሆነ አንድ የጤና ጣቢያ ዘበኛ ደረሰው። ዳገር፣ ጩቤ፤ እሱን ለቀጭኑ ልብስ ሰፊ ሰጠነው። አምቢሽን ማለት ሹመት መመኘት፣ ባለው አለመርካት ነው ሲባል ሁሉም ወደ ቡሬው ነጋዴ ዞረ።

«ሁለተኛ ሱቅ መክፈቴ ነው?» አለ።

«ሦስተኛውንስ?» አለው ልብስ ሰፊው።

«እሱ የሚስቴ ነው።»

ትራጄዲ የሚለውን ትልቁን ቃል እኔ ወሰድኩ። ለሌላ ሰው የሚሰጥ አልነበረም።

ለማር ቆራጩ የደረሰው ሪሞርስ ነው። መምህሩ ጸጸት ነው፣ ግን ነገሩ ካለፈ በኋላ ሌሊት የሚነክስ ጸጸት ነው ብሎ አስረዳ። ማር ቆራጩ ይህ ቃል የእኔ ነው አለ። አንድ ዘመን ለማር ቸኩሎ ቀፎው ላይ ጢስ ስላበዛበት ንቦቹ በሙሉ አልቀዋል። «ቤታቸው ገብቼ» አለ። «ጎንበስ ብዬ ገብቼ፣ እንደ እንግዳ። ጠዋት መሬቱ ጠቁሮ አየሁት።» እስከዚያ ቀን ድረስ ለማንም እንዳልነገረ ተናገረ። መጋዘኑ ሙሉ ሰማው፤ ምናልባት ጠባቂውም።

ጠዋት ጠዋት ከቆጠራ በኋላ ቃላቱን በተራ እንጠራለን። እያንዳንዱ ሰው ተራው ሲደርስ የራሱን ይላል። መምህሩ በዓይኑ ከፊት ወደ ፊት ይሄዳል። አንዳንድ ቀን ሁሉንም ያገኛቸዋል። አንዳንድ ቀን ልብስ ሰፊውን ትክ ብሎ እያየ ምንም አይመጣለትም፤ ላብ ግንባሩ ላይ ይወጣል፤ ልብስ ሰፊው ራሱ ዳገርን በሹክሹክታ ሲያቀብለው መምህሩ ያለቅሳል። እንደዚያ ያለ ቀን ከሰዓት በኋላ የሚናገር አይኖርም። እኔ እንኳ ዝም እላለሁ።

ታሪኩን የሚነግረን በዝናብ ነው። ኢሉባቦር ላይ ዝናብ ክረምትን አይጠብቅም። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ጎን ለጎን የተቀመጠ ሰው እንኳ ካልጮኸ አይሰማም፤ ጠባቂዎቹም ወደ መጠለያቸው ይሄዳሉ። ያን ጊዜ ተጠጋግተን ክብ እንሠራለን። ስሞቹ ለአፋችን ስላልተመቹ ሽማግሌው ንጉሥ፣ ሹሙ፣ የሹሙ ሚስት እያልን ነው የምንጠራቸው። ሹሙ ጀግና ነው፣ ንጉሡ ይወደዋል። ንጉሡ በሹሙ ቤት በእንግድነት ያድራል። ሹሙ ሚስቱ ስትገፋፋው ንጉሡን በተኛበት ይገድለዋል፤ ዘውዱንም ይወስዳል።

መምህሩ እዚህ ላይ በደረሰ ቀን ዝናቡ የጉድ ነበር። ታሪኩ ተቋረጠ፤ ምክንያቱም የመጋዘኑ ሰው ነገሩን አልቀበልም አለ።

«እንግዳውን?» አለ ማር ቆራጩ። «ያበላውን እንግዳ?»

ነጋዴው የንጉሡ ልጆች የት እንደነበሩ ጠየቀ። መምህሩ ወደ ሌላ አገር ሸሹ አለው። አባታቸውን ሳይቀብሩ? ሳይቀብሩ። ታዲያ የገዳይ ወገን ሽማግሌ አልላከም? አልላከም። የሟች ወገንስ ጉማ፣ የደም ካሳውን፣ አልጠየቀም?

«እነሱ አገር ጉማ የለም» አለ መምህሩ።

እኛ አገር ሰው ሲገደል የገዳይ ወገን ሽማግሌ ይልካል፤ የሟች ወገን እምቢ ይላል፤ እንደገና ይላካል፤ በመጨረሻ ከብት ተነድቶ፣ ተማምሎ፣ ደሙ ይታጠባል። ይህ የሌለበት አገር አለ ብሎ ከዚያ በፊት ያሰበ በመካከላችን አልነበረም።

«ታዲያ ደሙን ማን ያጥበዋል?» አለ ማር ቆራጩ።

«ማንም» አለ መምህሩ። «ለዚህ ነው ትራጄዲ የሚባለው።»

ቃሉ የእኔ ስለሆነ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ይህ ነገር እንዲህ ሆኖ አይቀርም አልኩ። ስንት የደም ነገር በጠረጴዛዬ ላይ አልፏል። ሽምግልናውን እኛ እንቀመጥ ብዬ፣ ሰብሳቢነቱን ማንም ሳይጠይቀኝ ያዝኩ። ነጋዴው የሟች ወገን ሆነ። ማር ቆራጩ የገዳይ ወገን ልሁን ብሎ ራሱ ጠየቀ። ነጋዴው እንደ ደንቡ ጀርባውን አዞረና አልታረቅም አለ። ደግመን ላክንበት፤ የእንግሊዝ ከብት ከሲታ ነው፣ አልቀበልም አለ። ያን ጊዜ መምህሩ ሳቀ። ከመጣ ወዲህ ሲስቅ ሰምተነው አናውቅም። ያበጠ ጎኑን በእጁ ይዞ ይስቃል፤ እየሳቀም ቃላቱ ከአፉ ይወጣሉ፤ ክራውን፣ ዳገር፣ አምቢሽን፣ ፊታችንን ሳያይ፣ አንዱ አንዱን እየሳበ። እሱ ራሱ አላስተዋለውም። እኔ አስተዋልኩ። ይህ ሰው ይድናል ብዬ አሰብኩ።

ማር ቆራጩ ተነሣ። እንደ ደንቡ አንገቱን ደፍቶ፣ ከዛፍ ላይ በሚጮኽበት በዚያ ድምፁ በኦሮምኛ መናገር ጀመረ። በዚህ መካከል ዝናቡ ቆመ። የእኛ አገር ዝናብ አንዳንዴ እንዲህ ነው፤ ክር እንደ ተበጠሰ ያቆማል። በፀጥታው ውስጥ የቀረው የእሱ ድምፅ ብቻ ሆነ።

«ንጉሡን የገደልነው እኛ ነን! ደሙንም እኛ እንከፍላለን!»

ጣሪያው ላይ የቀረው ውኃ ሲንጠባጠብ ይሰማ ነበር። ቀጥሎ የቦት ጫማ ኮቴ ጭቃውን ሲረግጥ ሰማን። በሩ ተከፈተ።

«የትኛው ንጉሥ ነው?» አለ ጠባቂው።

ይህን ነገር የሚያስተምራችሁ ማን ነው ብሎ ጠየቀ። የእንግሊዝኛውን ቃል ስትጠራሩ ከርማችኋል፣ እንሰማለን አለ። መምህሩ ገርጥቷል። እጁን መሬት ላይ ተክሎ ሊነሣ ሲል አየሁት። ከተነሣ ተሃድሶው የለም፣ ፈተናው የለም፤ ጭንቅላቱም ሁለተኛ ዱላ አይችልም። እኔ ቀድሜ ተነሣሁ። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ። ግማሹ ምክንያት፣ ከእኔ ሌላ በዚያ ቤት እንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰው አለ ሲባል ጆሮዬ ስላልወደደው ነው።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ሌላ ማን ይችላል?»

ነጋዴው ወዲያው ገባው። «ይህ ሽማግሌ ከገባ ጀምሮ አላስተኛንም። ውሰዱልንና እንረፍ» አለ። ከዚያ የበለጠ ወዳጅነት አይቼ አላውቅም።

መርማሪው የሚቀመጠው ድሮ ቡናው ይመዘንበት በነበረው ክፍል ነው። ትልቁ ሚዛን እንደቆመ ከጠረጴዛው አጠገብ አለ። ስብሰባውን የመራው ማን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ እኔ አልኩ። ማን ጽሑፉን እንዳመጣው ጠየቀኝ፤ ጽሑፍ የለም፣ እዚህ ነው ያለው ብዬ ግንባሬን አሳየሁት። ፋይሌን ገለጠ።

«እዚህ ላይ ስድስተኛ ክፍል አልጨረሰም ይላል።»

«ልክ ነው» አልኩት። «ፋይሉ ላይ የጎደለው ከዚያ በኋላ የተማርኩት ነው።»

በል እንየው አለኝ። ቃላቱን አንድ በአንድ ጠራሁለት። መጋዘኑን በዓይኔ እየዞርኩ፣ ከመላጣው ወደ ልብስ ሰፊው፣ ከልብስ ሰፊው ወደ ነጋዴው እየሄድኩ፣ ከነትርጉማቸው። አንድ አልጣልኩም። ታሪኩንም ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት። የቴአትር ንጉሥ እንደሆነ፣ ከሞተ ዘመናት እንዳለፉት፣ እኛ የተነጋገርነው ስለ እርቅ እንደሆነ አስረዳሁ። ይጽፋል። እስክሪብቶውን ሳያነሣ ጠየቀኝ።

«መጨረሻውስ?»

መጨረሻውን አላውቀውም። መምህሩ ገና አልደረሰበትም ነበር። አላውቅም ብል አስተማሪው እኔ እንዳልሆንኩ ይታወቃል። ስለዚህ የማውቀውን መጨረሻ ነገርኩት። የሹሙ ወገኖች ሽማግሌ ላኩ፤ የንጉሡ ልጆች ከስደት ተመልሰው ጀርባቸውን አዞሩ፤ ደጋግመው ተለመኑ፤ ከብት ተነዳ፤ ሹሙ በሁሉም ፊት ቆሞ አጥፍቻለሁ አለ፤ ደሙ ታጠበ።

መርማሪው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«እንዲህ ነው የሚያልቀው?»

«እንዲህ ነው።»

«እርግጠኛ ነህ፣ አባት?»

«በመቱ ከተማ ይህን ቴአትር ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም» አልኩት።

ትክ ብሎ አየኝ። ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ይመስላል። እውነተኛውን መጨረሻ ያውቅ ይሆን፣ አያውቅ ይሆን፣ እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። እስክሪብቶውን አነሣና ያልኩትን ጻፈ። ከዚያ የጮኸው ድምፅ የማን እንደሆነ ጠየቀኝ። እሱም የእኔ ነው አልኩ። እስቲ ጩኽ አለኝ። ጮኽኩ፤ ሳል አቋረጠኝ። ይህን አልጻፈውም። ከበሩ ውጭ የቆመውን ሰው ጠራ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን በማመልከቻ ላይ ጽፌው አላውቅም፤ እዚህም አልጽፈውም። እስከ ዛሬ ግራ እግሬን እየጎተትኩ ነው የምሄደው።

ተሸክመው ሲመልሱኝ መምህሩ ራሴን ጭኑ ላይ አደረገው። «ለምን፣ ጋሼ?» ይለኛል። ከዚያ መጨረሻውን ልንገርዎት አለኝ። ተወው፣ አንድ መጨረሻ ሰጥቻቸዋለሁ አልኩት። ቀና ብዬ ሳይ በግራዬ ያለው የማር ቆራጩ ጆንያ ባዶ ነው።

እኔ ከሚዛኑ ክፍል ሳልመለስ ጠባቂው መጥቶ ነበር። የጮኸው ማን ነው፣ ሽማግሌው እኔ ነኝ ይላል፣ ድምፁ ግን የእሱ አይደለም አለ። ማር ቆራጩ ተነሣና እኔ ነኝ አለ። ሌላ ማስረጃ የሚያስፈልግ አልነበረም፤ ድምፁ ራሱ ማስረጃ ነው። ሲወጣ ለነጋዴው፣ ሽማግሌው ዋሽቶልኛል፣ ሲመጣ ጆንያዬን አንጥፉለት ብሎ ነበር።

አልተመለሰም። ስንጠይቅ ተዛውሯል ተባልን። ወዴት ስንል ጠባቂው እንደማያውቅ ነገረን፤ ፊቱን ሳየው እውነቱን ነበር።

ጠዋት ጠዋት ቃላቱን መጥራት ቀጠልን። የሪሞርስ ተራ ሲደርስ ማንም አልተካውም። ሌላ ሰው ያንን ቃል ይያዝ ያለም አልነበረም። በዚያ ጆንያ ላይ ዓይናችንን አሳርፈን አንድ ትንፋሽ ያህል ዝም እንልና ወደሚቀጥለው እናልፋለን። መምህሩ ከዚያ ቀን ወዲህ ቃል ሲጠፋው አላየሁም። ሲስቅም አላየሁም።

ተሃድሶ የሚገቡት ሰዎች ስም የተጠራ ጠዋት የመምህሩ ስም ነበረበት። ደንባችን የሚወጣ ሰው ኩባያውን ወይም ብርድ ልብሱን ትቶ መሄድ ነው። እሱ ኩባያም ብርድ ልብስም አልነበረውም። ስለዚህ በየሰዉ ፊት እየቆመ፣ እጁን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ቃሉን እየነገረው ዞረ። ጠባቂው በሩ ላይ ቸኩሏል። እኔ ጋ ሲደርስ ተነሣሁ። ቁጭ ይበሉ፣ እግርዎ፣ አለኝ።

«ተማሪዬን ተቀምጬ አልሸኝም» አልኩት። ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ።

መጨረሻ ላይ ባዶው ጆንያ ጋ ሄደ። ጠባቂው ምን ትጠብቃለህ ብሎ ጮኸ። መምህሩ አልዞረም። ጎንበስ ብሎ ጆንያውን በእጁ አስተካከለና ያንን ቃል አንድ ጊዜ ተናገረው። እንደ ማር ቆራጩ ጮክ ሊያደርገው ሞክሮ ድምፁ መሃል ላይ ተቆረጠ። ከዚያ ወጣ።

ከተፈታሁ ብዙ ዓመት አለፈ። ጠረጴዛዬ ዛሬም ዋንዛው ሥር ናት። ዘመኑ ተለውጧል ይባላል፤ ባለጉዳዩ ግን አልቀነሰም። መምህሩ ፈተናውን አልፎ ኡካ ያስተምራል። መቱ ሲመጣ ወንበር ስቦ አጠገቤ ይቀመጣል፤ ሰው ሲሳሳ ቃላቱን እንጠራለን። የሪሞርስ ተራ ሲደርስ ሁለታችንም ወደ መንገዱ እናያለን። አንድ ጊዜ የቴአትሩን እውነተኛ መጨረሻ ነገረኝ። እርቅ የለበትም። እኔም ለመንግሥት ያስመዘገብኩት ይበልጣል ብዬዋለሁ፤ የትም ይኑር የት በዚያ ፋይል ውስጥ ደሙ ታጥቧል።

የማር ቆራጩ ሚስት በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ከያዮ ትመጣለች። ስትደርስ ባለጉዳዮቼን አቁሜ እነሣላታለሁ፤ ወንበሬን እሰጣትና ቆሜ እጽፍላታለሁ። ባለቤቴ የት እንዳለ ይነገረኝ ነው ቃሉ። በየዓመቱ አሻሽለዋለሁ፤ አንድ የሚነቀል፣ አንድ የሚጨመር ቃል እስኪጠፋበት ድረስ። እንዲህ ያለ ማመልከቻ ከእኔ በቀር የሚጽፍ በኢሉባቦር የለም። መልስ ግን እስካሁን አልመጣም።